ያውቁ ኖሯል? ከጓሮ እስከ ሸራ፦ ሠዓሊዎችና የአትክልት ቦታቸው

«ሀይሌ ጋርመንት» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ታክሲ ሰልፍና ወደ ሽንኩርት ጆንያ ይሄዳል እንጂ ወደ ሥዕል አይሄድም። የዛሬው ዓምዳችን ግን የሚነሳው ከዚያ ነው። በዚያው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ አንድ የሥነ ጥበብ ሰው በእጁ ያለማው የአትክልት ቦታ አለና። ከእሱ ተነስተን ወደ ጣና፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ሕንድ እንሻገራለን። አትክልት ለሠዓሊ ማረፊያ ብቻ አይደለም፤ የሥራ ቦታም ነው። ብዙዎቹ ውብ ቦታ እስኪገጥማቸው ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ቆፍረው፣ ተክለውና ውኃ አጠጥተው ነው የሣሉት።

(«እ.ኤ.አ.» ያልተባለባቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሰፈራችን እንጀምር

● የአዲስ አበባ አትክልት ተራ ለአሥርት ዓመታት ፒያሳ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ወደተሠራለት የገበያ ማዕከል ገባ። ዛሬ ከየክልሉ የሚመጣው ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን የሚራገፈው እዚህ ነው። ሥዕል የሚማር ልጅ ካለዎት፣ የቀለም ትምህርት በነፃ የሚሰጥበት ሰፈር ውስጥ ነዎት ማለት ነው።

● ቲማቲምና ቃሪያ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ቀዩ ይበልጥ የሚቀላው፣ አረንጓዴው ይበልጥ የሚለመልመው ለምን ይመስልዎታል? ምስጢሩን እ.ኤ.አ. በ1839 በመጽሐፍ ያብራራው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኤዥን ሼቭረል ነው፤ ተቃራኒ ቀለማት ሲጎራበቱ አንዱ ሌላውን ያደምቃል። ሼቭረል በፓሪሱ የጎብላን ሽመና ፋብሪካ የቀለም ማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። «ጥቁሩ ክር ደብዝዟል» የሚል አቤቱታ ሲመጣበት ክሩን መረመረ፤ ክሩ ምንም አልሆነም። ያደበዘዘው የጎረቤቱ ክር ቀለም ነበር። የገበያ ሴቶቻችን ግን ቲማቲሙን ከቃሪያው አጠገብ የሚደረድሩት መጽሐፉን ሳያነቡ ነው።

● ከጓሮ የወጣው አትክልት ገበያ ሲደርስም ሠዓሊ ይጠብቀዋል። ወልድያ የተወለዱትና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ሠዓሊ ታደሰ መስፍን «የሕይወት ምሰሶዎች» በሚለው ተከታታይ ሥራቸው የሚሥሉት የጉልት ነጋዴ ሴቶችን ነው። ሴቶቹ እንደ ልማዱ መሬት ላይ ተቀምጠው አይታዩም፤ ሸራውን ሞልተው ቀጥ ብለው ይቆማሉ።

● በዚያው ክፍለ ከተማ፣ መካኒሳ ውስጥ፣ ዞማ ሙዚየም ይገኛል። በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተውን ይህን ቦታ የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ባለሙያው ኤልያስ ስሜና የሥነ ሰብእ ምሁርና የዐውደ ርእይ አዘጋጅ የሆኑት መስከረም አሰግድ ናቸው። በአንድ ግቢ ውስጥ የሥዕል ማሳያ፣ የጓሮ አትክልት፣ ከብቶችና የሕፃናት ትምህርት ቤት አሉ። የጥበብ ሥራውንና ጎመኑን ለይቶ «ሙዚየሙ ይኼኛው ነው» ማለት ያስቸግራል። መሥራቾቹም ቢሆኑ እንዲለይ አልፈለጉም።

● የዞማ ቤቶች ጭቃ ናቸው። ጭቃና ጭድ አቡክቶ፣ አሰንብቶ፣ እንጨት ላይ መለጠፍ ሀገሩ ሁሉ የሚያውቀው ሙያ ነው፤ ብዙ ሰው «የድሃ ቤት» ይለዋል። እዚህ ግን ልስኑ ራሱ በእጅ በተቀረጸ ጌጥ ተሞልቶ ከግቢው ተክል ጋር አንድ ላይ ይታያል። አፈሩ ግድግዳም ነው፣ መደብም ነው፣ የጥበብ ሥራም ነው።

● «ዞማ» የሚለው ስያሜ በወጣትነቷ በካንሰር ሕመም ያረፈችውን ሠዓሊ ዞማ ሽፈራውን ለማስታወስ የተሰጠ ነው። ሙዚየሙ ከመከፈቱ በፊትም የመሥራቾቹ የሥነ ጥበብ ማዕከል በዚሁ ስም ይጠራ ነበር።

● ከሩቅ ሲያዩት እርሻ፣ ወንዝና ሜዳ የሚመስለው የኤልያስ ስሜ ሥራ፣ ቀርበው ሲያዩት የኤሌክትሪክ ሽቦና የተሰበረ የኮምፒውተር ዕቃ ነው። «ታይትሮፕ» በሚል ርእስ ለሚታወቁት ሥራዎቹ ጥሬ ዕቃውን የሚሸምተው ከመርካቶ ነው። ባለቀለሙን ሽቦ አንድ በአንድ እየጎነጎነ እንጨት ላይ ይመታዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ሸልሞታል።

● የዞማ ሁለቱ መሥራቾች አሻራ ታላቁ ቤተ መንግሥት ውስጥም አለ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ለጎብኚ ክፍት በሆነው አንድነት ፓርክ የአትክልት ሥራ ላይ ተሳትፈዋል። ከመካኒሳ ጭቃ የተጀመረው እጅ ምኒልክ ግቢ ገባ ማለት ነው።

● እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢያናሌ ዋናው ዐውደ ርእይ ላይ ሁለት ኢትዮጵያውያን ቀርበው ነበር። አንዱ ኤልያስ ሲሆን ሌላዋ የአለ ትምህርት ቤት ምሩቋ ሜሪኮከብ ብርሃኑ ናት። በሜሪኮከብ ሸራዎች ላይ ዘርና ሴል የሚመስሉ ሕያው ቅርጾች ከከተማ ግንባታ ጋር ሲጋፉ ይታያሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ጓሮው በኮንክሪት ሲዋጥ ያየ ሰው ሥዕሉን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

በአዲስ አበባ ሰማይ ሥር

● አዲስ አበባ በዓመት ሁለት ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ጥላ አልባ ትሆናለች። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ ማብቂያ ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች። የቆመ እንጨት ጥላው እግሩ ሥር ይቀራል። የነሐሴውን እንኳ ደመናው አያሳየን ይሆናል፤ በሚያዝያው ግን ጓሮዎ ወጥተው ይሞክሩት።

● አውሮፓዊ ሠዓሊ ለሥራ ክፍሉ የሚመርጠው ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ነው፤ በዚያ በኩል ፀሐይ በቀጥታ ስለማትገባ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ አይለዋወጥም። ይህን ምክር ከመጽሐፍ ገልብጦ አዲስ አበባ ላይ የሠራ ሠዓሊ ግን ይሸወዳል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ የእኛዋ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ሰሜኑ መስኮት የሚሠራው ከመስከረም እስከ መጋቢት ብቻ ነው። ለቀረው ጊዜ የዛፍ ጥላ ይሻላል።

● ማታ ማታ ቀይ ጽጌረዳ ቀድሞ ይጠቁራል፤ ቅጠሉና ሰማያዊው አበባ ግን ቆይቶ ይታያል። ጽጌረዳው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዓይናችን ነው። ብርሃን ሲያንስ የዓይናችን ቀይ የማየት አቅም ቀድሞ ይዳከማል። ይህን በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያስተዋለው የቼኩ የሥነ ሕይወት ምሁር ያን ፑርኪንዬ ስለሆነ ክስተቱ በስሙ ይጠራል። ምሽትን የሚሥል ሠዓሊ ቀዩን የሚያጠቁረው ለዚህ ነው።

● በየአጥሩ ላይ የሚንተረከከው የቦገንቪላ «አበባ» አበባ አይደለም። ሐምራዊው፣ ቀዩና ብርቱካናማው ሁሉ ቀለም የለበሰ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሐሉ ላይ ያለችው ነጭ ትንሽ ቱቦ ናት። ተክሉም የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ለሠዓሊ የሚጠቅመው ነገር አንድ ነው፤ ቅጠል ስለሆነ ቶሎ አይረግፍም።

● አደይ አበባ አንድ አበባ አይደለችም። መሐሏ ላይ የሚታየው ድፍን ቢጫ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው፤ ዙሪያዋን ያሉት «ቅጠሎችም» እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። የሱፍ አበባም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ቪንሰንት ቫን ጎክ እ.ኤ.አ. በ1888 በደቡብ ፈረንሳይ የሣላቸው ዝነኛ የሱፍ አበቦች የአደይ አበባ የሥጋ ዘመዶች ናቸው።

● በየጥሻውና በየቆሻሻ መጣያው ዳር የሚበቅለውን አስተናግር «መርዝ ነው፣ አትንኩ» እየተባልን አድገናል። እውነት ነው፤ መርዝ ነው። ከእሱ ጋር አንድ ወገን የሆነውን የኒው ሜክሲኮ ተክል አሜሪካዊቷ ጆርጂያ ኦኪፍ እ.ኤ.አ. በ1932 በትልቅ ሸራ ላይ አንድ ነጭ አበባ ብቻ አድርጋ ሣለችው። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ2014 በ44.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በጊዜው በሴት ሠዓሊ ሥራ ላይ የተከፈለ ከፍተኛው የጨረታ ዋጋ ነበር።

● ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ ከአፍሪካ ብዙ የተቀጠፈ አበባ ወደ ውጭ ትልካለች፤ ዋናው ምርት ጽጌረዳ ነው። ያ ጽጌረዳ ግን የውጭ ዝርያ ነው። የሀገሩ ጽጌረዳ በደጋው ጥሻ ውስጥ የሚበቅለው፣ እረኛ ፍሬውን የሚለቅመው፣ ነጭ አበባ ያለው ቀጋ ነው። እሾሁን ያየ ሰው ዘመድነታቸውን አይጠራጠርም።

ከብራና እስከ ቤተ መንግሥት

● አድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በሥዕል ካጌጡ የዓለም የክርስትና መጻሕፍት ሁሉ እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። የካርቦን ምርመራ ዘመናቸውን ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን መካከል አድርጎታል። በገጾቻቸው ላይ ዐምዶችና ቅስቶች ተሥለዋል፤ በቅስቶቹ ላይና ዙሪያ ደግሞ ወፎችና ተክሎች አሉ። ወንጌሉን የከፈተ ሰው ወደ ቃሉ የሚያልፈው በአትክልት በኩል ነው።

● በብራና መጽሐፍ ራስጌና ዳር ላይ የሚንሸራተተውን ጌጥ ሊቃውንቱ ሐረግ ይሉታል። የሚጠላለፍ፣ የሚታጠፍ፣ ማለቂያው የማይገኝ መስመር ነው። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን ከደቂቀ እስጢፋኖስ ገዳም ከጉንዳ ጉንዶ የወጡ መጻሕፍት በሐረጋቸው ጥራት በዓለም ታውቀዋል።

● በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው መነኩሴ ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን በኢትዮጵያ የሥዕል ታሪክ ስማቸው ከሚታወቅ ጥቂት ጥንታውያን አንዱ ነው። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ስሙ የተጻፈበት የእመቤታችን ሥዕል አለ። ከእሱና ከተከታዮቹ በወጡ ሥዕሎች ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ አበባ ይዛ ትታያለች። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚዘልቀው ዘመነ ጽጌ ማኅሌት ላይ የቆመ ሰው ይህን ምልክት ወዲያው ይረዳዋል።

● ኦሪት ዘፍጥረት ከኤደን ገነት ከወጡት አራት ወንዞች አንዱ ግዮን የኢትዮጵያን ምድር እንደሚከብብ ይናገራል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አዳምና ሔዋንን የሚሥል ሠዓሊ እንግዲህ የሚሥለው የራሱን ሀገር ወንዝ ጭምር ነው። አዲስ አበባም በዚህ ስም የሚጠራ ሆቴል አላት፤ ሰፊ የአትክልት ቦታው የስንቱ ሙሽራ ፎቶ መነሻ ሆኗል።

● ጎንደር ከአውሮፓ የመጣ የዕፅዋት ሠዓሊ ነበራት። የቦሎኛው ሰው ሉዊጂ ባሉጋኒ ከስኮትላንዳዊው ተጓዥ ከጄምስ ብሩስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ። ኮሶውን፣ ዋንዛውን፣ ቀንጠፋውን፣ ቁልቋሉን ቅጠል በቅጠል ሣለ። ብዙም ሳይቆይ እዚያው ታሞ ሞተ። ብሩስ ሀገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1790 ትልቁን የጉዞ መጽሐፉን ሲያሳትም ግን ሥዕሎቹን የራሱ አስመሰላቸው። ለባሉጋኒ እውነቱን የመለሱለት ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ናቸው። ሥዕሎቹ ዛሬ በአሜሪካ በየል የብሪታንያ ጥበብ ማዕከል ተቀምጠዋል።

● ብሩስ ተቅማጥ ይዞት በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ያዳነው ዋጊኖስ የተባለው ያበሻ መድኃኒት እንደሆነ ጽፏል። የተክሉ የላቲን ስም ዛሬ የሚጠራው በብሩስ ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅለው ባለቀይ አበባው ቆርችም የእሱን ስም ይዟል። ለኮሶ ደግሞ የወዳጁን የጆሴፍ ባንክስን ስም ሊሰጠው ሞክሮ ነበር፤ ስሙ አስቀድሞ ለአውስትራሊያ ተክል ተሰጥቶ ስለነበር አልጸናም። ሠዓሊው ባሉጋኒ ግን በስሙ የሚጠራ እዚህ ግባ የሚባል ተክል የለውም።

● ስድስት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ቀድሞ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1961 ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። በዛፎቹ መካከል ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በሀገሪቱ ካሉ የጥንት ሥዕሎች ስብስቦች ትልቁ ከሚባሉት አንዱን ይዟል።

● በመንግሥት ተልከው ፓሪስ ሥዕል ከተማሩ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ አገኘሁ እንግዳ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ ፓሪስ ገብተው ለዓመታት ተማሩ። እሳቸው እዚያ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1927፣ ክሎድ ሞኔ ከጓሮው ኩሬ የሣላቸው ግዙፍ ሥዕሎች በዚያችው ከተማ በኦራንዠሪ ሙዚየም ለሕዝብ ተከፈቱ።

● ሁሉም ሠዓሊ ተክልን ሞዴል አድርጎ ብቻ አይጠቀምም። አንጋፋው ዘሪሁን የትምጌታ በሸራ ፋንታ ስንጥቅ ቀርከሃ ጎን ለጎን ገጥመው ይሥላሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢያናሌ ከፍተኛውን ሽልማት አግኝተዋል።

● ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከኤምባሲው ፊት ለፊት ባለው መናፈሻ፣ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወጣት ሠዓሊዎች ተሰባስበው «ነፃ አርት ቪሌጅ» የተባለ የጋራ መሥሪያና ማሳያ ነበራቸው። ለጥቂት ዓመታት ልጆች ሊጫወቱ መጥተው ሐውልትና ሥዕል ያዩበት ነበር።

● ዕፅዋት መሣል ለሚፈልግ የከተማ ሰው ጉለሌ እጽዋት ማዕከል አለ። ስፋቱ 705 ሄክታር ሲሆን የተመሠረተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማ አስተዳደሩ ትብብር ነው። ኮሶ፣ ወይራ፣ ጽድ፣ ቀጋ፤ ባሉጋኒ ጎንደር ድረስ የሄደላቸውን ዓይነት ተክሎች በከተማ አውቶቡስ ደርሰው ያገኟቸዋል።

የባሕር ማዶ ጓሮዎች

● ሞኔ ዢቨርኒ በምትባል የፈረንሳይ መንደር እ.ኤ.አ. በ1883 ተከራይቶ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1890 ቤቱን ገዛ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኩሬ ለመቆፈር ከወንዝ ውኃ ሊጠልፍ ሲጠይቅ መንደርተኛው ተነሳበት። «ከውጭ የመጣ ተክልህ ውኃችንን ይመርዛል» ነበር ክርክሩ። ፈቃድ እስኪያገኝ ለባለሥልጣን ደብዳቤ ጻፈ። ዛሬ የመንደሩ እንጀራ ያ ኩሬ ነው።

● ከዚያች ኩሬ 250 ገደማ የውኃ አበባ ሥዕሎች ወጥተዋል። ሞኔ አትክልተኞች ቀጥሮ ነበር፤ የአንዱ ሥራ በውኃው ላይ የተንሳፈፉትን ቅጠሎች ማጽዳት ነበር። በአጥሩ ሥር የሚያልፈው መኪና አቧራ ሲያስነሣበት ደግሞ መንገዱን በራሱ ገንዘብ ሬንጅ አስቀባ። የሀይሌ ጋርመንትን የበጋ አቧራ የሚያውቅ ሰው ይፈርድለታል።

● እ.ኤ.አ. በ1912 ሐኪም የሞኔን ዓይን መርምሮ ሞራ አገኘበት። እስከ እ.ኤ.አ. 1923 ቀዶ ሕክምና ድረስ የሣላቸው ሥዕሎች እየቀሉና እየቡነኑ ሄዱ። የኩሬው ውኃ ያው ነበር።

● ሠዓሊ ከቤት ወጥቶ በአትክልት መሐል መሥራት የቀለለለት እ.ኤ.አ. በ1841 አሜሪካዊው ጆን ጎፍ ራንድ የቆርቆሮ የቀለም ቱቦ ከፈጠረ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የዘይት ቀለም የሚያዘው በአሳማ ፊኛ ነበር። ፊኛው ይፈነዳል፣ ቀለሙም ይደርቃል።

● ቫን ጎክ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1889 ሳን ሬሚ ወዳለው የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ገብቶ፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት በግቢው አትክልት ውስጥ ያገኘውን አይሪስ አበባ ሣለ። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1987 በ53.9 ሚሊዮን ዶላር ተሽጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። ሠዓሊው በሕይወቱ የኖረው ወንድሙ በሚልክለት ገንዘብ ነበር።

● ፖል ሴዛን ሲሥል ከመዘግየቱ የተነሳ አበባው ሸራው ሳያልቅ ይጠወልግበት ነበር። ስለዚህ አንዳንዴ የወረቀት አበባ አስቀምጦ ይሥል ነበር። ፖም የመረጠውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፖም ይታገሣል።

● የ17ኛው መቶ ዘመን የሆላንድ ሠዓሊዎች በአንድ ማሰሮ ውስጥ የሣሏቸው አበቦች በእውኑ ዓለም አብረው አይፈኩም። አንዱ የመጋቢት፣ ሌላው የሐምሌ ነው። ሠዓሊው በየወቅቱ እየዞረ እያንዳንዱን ለብቻው ነድፎ፣ ኋላ በአንድ ሸራ ላይ ያገናኛቸው ነበር። ዛሬ ከዝዋይ የተቀጠፈ ጽጌረዳ በአውሮፕላን ሆላንድ ስለሚገባ ያ ችግር ተቃሏል።

● የጥንት ግብፅ ሠዓሊ በቴብስ ከተማ በኔባሙን መቃብር ላይ የአትክልት ቦታ ሥሏል፤ 3,350 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ኩሬው ከሰማይ ወደ ታች የታየ ነው፤ ዛፎቹ ግን ከጎን የታዩ ናቸው። ዓላማው ሟቹ በዚያኛው ዓለም ጥላና ፍሬ እንዳያጣ ነው። ሥዕሉ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም አለ።

● ንግሥት ሐትሼፕሱት ከዚያ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቀድማ ወደ ፑንት መርከብ ልካ ነበር። በደይር ኤል ባሕሪ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የዕጣን ዛፎች ሥራቸው በቅርጫት ተይዞ መርከብ ሲጫኑ ይታያሉ። ብዙ ምሁራን ፑንትን የሚፈልጉት በእኛው በአፍሪካ ቀንድ ነው። ችግኝ ከነአፈሩ ማጓጓዝ እንግዲህ የዛሬ ሙያ አይደለም።

● የሕንዱ ንጉሥ ጃሃንጊር የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ኡስታድ መንሱር በካሽሚር የጸደይ አበቦችን እንዲሥል ታዘዘ፤ ንጉሡ በማስታወሻው ሥዕሎቹ ከመቶ እንደሚበልጡ ጽፏል። ይኸው መንሱር እ.ኤ.አ. በ1621 አንድ የሜዳ አህያ ሥሏል። እንስሳዋ ከሐበሻ ምድር የመጣች መሆኗን ንጉሡ ራሱ በሥዕሉ ላይ አስፍሯል።

● ማራካሽ ያለውን ዝነኛ የማዦሬል አትክልት የተከለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ዣክ ማዦሬል ነው። ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1923 ገዛ፤ ግድግዳውንና ማሰሮውን የቀባበት ደማቅ ሰማያዊም በስሙ ይጠራል። ሸራዎቹን የሚያስታውስ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። ጓሮውን ግን ዓለም ይጎበኘዋል።

● ጀርመናዊው ኤሚል ኖልደ ዜቡል በሚባለው መኖሪያው የአትክልቱን መንገዶች «ኤ» እና «ኢ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ቅርጽ አስያዛቸው፤ የባለቤቱ የአዳና የእሱ መነሻ ፊደላት ናቸው። ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1941 በሙያው እንዳይሠራ ሲከለክሉት እሱ ራሱ የፓርቲው አባል ነበር።

● ብራዚላዊው ሠዓሊ ሮቤርቶ ቡርሌ ማርክስ የሀገሩን ዕፅዋት ውበት ያወቀው በርሊን ውስጥ በእጽዋት ማዕከል የመስታወት ቤት ነው። ሪዮ ተመልሶ ቀለም በመቀባት ፋንታ ተክል እየተከለ ሣለ፤ የኮፓካባና የባሕር ዳር መንገድ ንድፍ የእሱ ነው። የጓሮውን ነገር ውጭ ሀገር ሄዶ ያየ እሱ ብቻ አይደለም።

የመጨረሻው የእኛው ነው

● በኢትዮጵያ ትልቁ የአበባ ሥዕል ዐውደ ርእይ በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን ጠዋት ይከፈታል። አዳራሽ የለውም፣ መግቢያ አይከፈልበትም። ሴቶቹ ልጆች አደይና ቄጤማ ይዘው አበባየሆሽ ሲሉ፣ ወንዶቹ አበባ፣ ፀሐይና መልአክ ሥለው በየደጁ ያድላሉ፤ ሳንቲም ይሰጣቸዋል። ለብዙ ወንድ ልጅ በሕይወቱ ሥዕል የሸጠበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነው። አሁን አሁን ግን በማተሚያ ቤት የታተመ ካርድ ገበያውን ይዞታል። በመጪው እንቁጣጣሽ በርዎ ሲንኳኳ ወረቀቱን ገልብጠው ይዩት። የከለር እርሳሱ ጫና ከጀርባው ካሳበቀ ልጁ የሣለው በእጁ ነው፤ ለእሱ እጥፍ ይክፈሉ።